የመስተዋት ሥዕል ዋጋ፦ ዕቃው፣ እጁና መንገዱ ከቢታ ገነት አንጻር ሲታዩ

መግቢያ

በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቢታ ገነት ቤት የሚሠራ ሰው እንጨቱን ከአካባቢው ያገኛል፤ ጭቃውንም ከጭድ ጋር በደጁ ያስቦካል። ምስማሩን፣ የጣራውን ቆርቆሮና የመስኮቱን መስተዋት ግን ከሩቅ በመኪና የመጣውን ከነጋዴ ይገዛል። ስለዚህ በዚያ አገር የመስተዋት ዋጋ ሲነሣ የመንገዱ ነገር አብሮ ይነሣል። ይህ ስለ ተራው መስተዋት ነው። በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ወይም በአፍሪካ አዳራሽ እንደሚታየው ያለ፣ በልዩ ልዩ ቀለም የተሠራ የመስተዋት ሥዕል ቢሆንስ ዋጋው ከምን ከምን ይገነባል? ከሚከፈለው ገንዘብ ለዕቃው፣ ለባለሙያው እጅና ለመንገድ የሚሄደው እንዴት ይከፋፈላል? ሥራው ከተፈጸመ በኋላስ በአገር ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር ነው።

ቢታ ገነትን መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዪቱ ከባሕር በር የራቀች ናት፤ ያለችበትም ምድር በደን የበለጸገ፣ የእጅ ሥራም ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ነው። ስለዚህ ሦስቱ የዋጋ ክፍሎች፣ ማለት ዕቃው፣ እጁና መንገዱ፣ ከዚያ ሆነው ሲታዩ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን ታሪክ የሚመለከቱት ዘመናት ዓ.ም. ተብለው፣ የውጭ አገሩን የሚመለከቱት ደግሞ እ.ኤ.አ. ተብለው ተመልክተዋል።

ሀ. ስለ ዕቃው

የመስተዋት ሥዕል ሲባል በነጭ መስተዋት ላይ በብሩሽ የተቀባ ቀለም ማለት አይደለም። ዋናው ቀለም ያለው በራሱ በመስተዋቱ ውስጥ ነው። መስተዋት የሚሠራው አሸዋን፣ ከአመድ ወይም ከማዕድን የሚገኝ ጨውን፣ ኖራንም በአንድነት በብርቱ እሳት በማቅለጥ ነው። በዚህ ቅልጥ ውስጥ ጥቂት የብረታ ብረት ዱቄት ሲጨመርበት ቀለም ይይዛል። ኮባልት ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ማንጋኒዝ ሐምራዊ ያደርገዋል፤ መዳብ እንደ እሳቱ አያያዝ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያወጣል። ደማቁን ጽጌረዳማ ቀይ ለማግኘት ግን ወርቅ ያስፈልጋል። የሚገባው ወርቅ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ወርቅ ወርቅ ስለ ሆነ፣ ይህ ቀለም በመስተዋት ነጋዴዎች ዘንድ ሁልጊዜ ከውዶቹ መካከል ይቈጠራል።

ከመዳብ የሚገኘው ቀይ ሌላ ችግር አለበት። ቀለሙ ከመጠን በላይ የጠነከረ ስለሚሆን ውፍረቱን ሁሉ በቀይ ቢሠሩት ብርሃን አያሳልፍም፤ ጥቁር መስሎ ይቀራል። ስለዚህ የጥንት ባለሙያዎች ነጩን መስተዋት በቀጭን የቀይ ልባስ መሸፈንን ዘዴ አደረጉት። ይህ ተጨማሪ ሥራ የቀዩን ዋጋ ከፍ አደረገው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የብር ውሕድን በመስተዋት ላይ ቀብቶ በእሳት በማግባት ቢጫ ቀለም ማውጣት በአውሮፓ ተለመደ። ከዚያ በፊት የመልአክ ፀጉር ቢጫ፣ ፊቱ ነጭ እንዲሆን ቢፈለግ ሁለት ቁራጭ መስተዋት ቈርጦ በእርሳስ ማያያዝ ግድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ቁራጭ ላይ መዋል ቻሉ። በዚህም ዘዴ እርሳስም ጉልበትም ተቈጠበ።

ከመስተዋቱ ቀጥሎ የሚመጣው እርሳስ ነው። ግራና ቀኙ የተቦረቦረ ቀጭን የእርሳስ ዘንግ ቁራጮቹን እያቀፈ ያያይዛቸዋል። ዘንጎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በቆርቆሮና በእርሳስ ድብልቅ ይበየዳሉ። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ፤ የሁለቱ ድብልቅ ግን ከሁለቱም ባነሰ ሙቀት ሊቀልጥ ስለሚችል ዘንጉ ሳይጐዳ መገጣጠሚያውን ብቻ መበየድ ይቻላል። ከዚያም ዝናብና ነፋስ እንዳይገባ ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት የተለወሰ ስቱኮ በእርሳሱና በመስተዋቱ መካከል ይሞላል። የፊት፣ የእጅና የልብስ መስመሮች የሚሣሉት ከብረት ወይም ከመዳብ ዝገትና ከደቀቀ መስተዋት በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ነው፤ ቀለሙም በ600 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ከመስተዋቱ ጋር ይዋሐዳል።

እንግዲህ ዕቃው ይህ ነው። ከወርቁና ከብሩ በቀር አብዛኛው በምድር ላይ በብዛት የሚገኝ ነገር ነው። ታዲያ የመስተዋት ሥዕል ውድ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በሚከተለው ሒሳብ ይታያል።

ለ. ስለ እጅ ሒሳብ

ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር የሆነ መስኮት እንውሰድ። ይህን መስኮት ባለ 10 ሳንቲሜትር አራት ማዕዘን ቁራጮች ብንሞላው 100 ቁራጭ ይፈጃል። በውስጡ የሚያልፉት የእርሳስ መስመሮች 9 ቋሚና 9 አግድም፣ በድምሩ 18 ሜትር ናቸው፤ ዙሪያው 4 ሜትር ሲጨመርበት 22 ሜትር ይሆናል። መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች 121 ናቸው። መስኮቱ በፊትም በጀርባም ስለሚበየድ 242 ብየዳ ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ ያንኑ መስኮት ባለ 5 ሳንቲሜትር ቁራጮች እንሙላው። ቁራጮቹ 400 ይሆናሉ፤ እርሳሱ 42 ሜትር ይሆናል፤ መገናኛዎቹ 441፣ ብየዳዎቹም 882 ይሆናሉ። የመስተዋቱ ስፋት ግን አልተለወጠም፤ በፊትም በኋላም ያው አንድ ካሬ ሜትር ነው። የእርሳሱ ወጪ ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ፤ ብየዳው ከሦስት እጥፍ ተኩል በለጠ፤ የመቍረጡ ሥራ አራት እጥፍ ሆነ። እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ በእጅ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ቅርጹ በወረቀት ይነደፋል፤ በንድፉ ልክ ይቈረጣል፤ ይሣልበታል፤ ወደ እቶን ይገባል፤ በእርሳስ ይታቀፋል፤ ይበየዳል፤ ስቱኮ ይሞላበታል፤ በመጨረሻም ይወለወላል። ስምንት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ 400 ቁራጭ ያለው አንድ ካሬ ሜትር 3,200 ጊዜ የሰው እጅ ይጠይቃል።

ይህ ስሌት ቀጥ ባሉ አራት ማዕዘኖች የተደረገ ነው። እውነተኛው ሥዕል ግን የእጅ ጣት፣ የዓይን ቅንድብ፣ የቅጠል ጫፍ ያለበት ስለ ሆነ ጠማማ ቍርጥ ይበዛበታል። መስተዋት ወደ ውስጥ በጐበጠ መስመር ሲቈረጥ መሰበር ይወዳል፤ ስለዚህ የሚባክነው ይበዛል፤ የሚፈጀውም ጊዜ ይረዝማል። ከዚህ የምንረዳው የመስተዋት ሥዕል ዋጋ በካሬ ሜትር ብቻ ሊለካ እንደማይገባ ነው። ሁለት መስኮቶች ስፋታቸው እኩል ሆኖ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

በዚህ ላይ በደረሰኝ የማይጻፍ ሌላ ወጪ አለ። እርሳስ መርዝ ነው። በትነቱም በብናኙም በየቀኑ የሚሠራውን ሰው ደምና ጅማት ይጐዳል። ጥሩ አየር የሌለበት ክፍል ውስጥ እርሳስ የሚበይድ ሠራተኛ ከደመወዙ ጋር ሕመምን ይቀበላል። ዋጋ የሚተምን ሰው የንጹሕ አየር ማስገቢያውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የሥራ ልብሱን ወጪ በሒሳቡ ካላገባ፣ መስኮቱን ርካሽ ያደረገው በሠራተኛው ጤና ነው።

ሐ. የቆዩ ውሎችና የደመወዝ መዝገቦች

ስለዚህ ሙያ ዋጋ በጽሑፍ ከቆዩልን ማስረጃዎች መካከል የእንግሊዝ አገር መዝገቦች ግልጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1351 እና በ1352 በዌስትሚንስተር ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ጸሎት መስኮቶች ሲሠሩ የደመወዙ መዝገብ ተጠብቋል። ሥዕሉን የሚነድፉት ሊቃውንት በቀን 12 ፔኒ ይከፈላቸው ነበር፤ በመስተዋቱ ላይ የሚሥሉት 7 ፔኒ፣ የሚቈርጡትና የሚገጣጥሙት 6 ፔኒ ያገኙ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፣ ነዳፊው ከቈራጩ እጥፍ ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ ቈራጩም ቢሆን ደመወዙ በመዝገብ የተጻፈለት፣ የታወቀ ደረጃ ያለው ባለሙያ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1447 ደግሞ የንጉሡ የመስተዋት ባለሙያ የነበረው ጆን ፕሩድ በዎሪክ ለሚገኘው የቦሻም ቤተ ጸሎት ውል ገባ። ዋጋው ለእያንዳንዱ ካሬ ጫማ 2 ሽልንግ ነበረ። በውሉ ከባሕር ማዶ የመጣ መስተዋት ብቻ እንዲያገባ፣ የእንግሊዝ አገር መስተዋት ከቶ እንዳያገባ ታዞአል። ሰማያዊው፣ ቀዩና ሐምራዊው እንዲበዛ፣ ነጩና አረንጓዴው እንዲያንስ ተወስኖአል። ይህ ውል ለጥናታችን ትልቅ ነገር ይነግረናል። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የመስተዋት ሠዓሊዎች ባለቀለሙን መስተዋት ይገዙ የነበረው ከራይን ወንዝ አካባቢ፣ ከቡርጎኝና ከኖርማንዲ ነው። ዓለም የሚያደንቃቸውን የእንግሊዝ ካቴድራሎች መስኮቶች የሠሩት በተገዛ መስተዋት ነው። የራሳቸው የሆነው መስተዋቱ ሳይሆን ነዳፊው፣ ቈራጩና ሠዓሊው ነበረ።

ሦስተኛው ማስረጃ የዮርክ ካቴድራል ታላቁ የምሥራቅ መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1405 የኮቨንትሪ ሰው ጆን ቶርንተን ይህን መስኮት በሦስት ዓመት ሊፈጽም ተዋዋለ። ክፍያው በሳምንት 4 ሽልንግ፣ በየዓመቱ መጨረሻ 5 ፓውንድ፣ ሥራው ሲፈጸም ደግሞ 10 ፓውንድ ነበረ። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለ ሆነ ሒሳቡን ብንሠራው፣ የሦስት ዓመቱ ሳምንታዊ ክፍያ 31 ፓውንድ ከ4 ሽልንግ፣ የዓመታቱ ክፍያ 15 ፓውንድ፣ የመፈጸሚያው 10 ፓውንድ፣ በድምሩ 56 ፓውንድ ከ4 ሽልንግ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 25 ፓውንዱ፣ ማለት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ወዲያው የሚከፈል ሳይሆን ሥራው እየተፈጸመ ሲሄድ የሚለቀቅ ነው። አሠሪዎቹ ባለሙያው ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ የያዙበት ዘዴ ይህ ነበር። ቶርንተን ዋና ዋናዎቹን ሥዕሎች በገዛ እጁ እንዲሥል በውሉ ተገዷል። የከፈሉት ለእጁ ስለ ሆነ፣ እጁን በስም ጠቅሰው ያዙት።

ይኸው መስኮት በእኛ ዘመን ሲታደስ 311 ክፍሎቹ ከቦታቸው ወርደው በዮርክ ባለሙያዎች ተጠግነው እ.ኤ.አ. በ2018 ተመለሱ። ሥራው ከ90 ሺህ ሰዓት በላይ ፈጅቷል። በ1408 የተፈጸመው ሥራ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ሲጐዳ ጠጋኙ በዚያው ከተማ ተገኘ። የእጅ ሙያ በአገር ውስጥ መኖሩ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ቀን ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

መ. በአገራችን

መስተዋት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ወደ አክሱም መንግሥት ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዕቃዎችን ይቈጥራል። ወደ ካፋም ቢሆን በ19ኛው መቶ ዓመት በሲራራ ነጋዴዎች እጅ የመስተዋት ዶቃ ይገባ ነበር። በሁለቱም ዘመን ግን መስተዋቱ የመጣው ተሠርቶ ነው።

በመስኮት ላይ የዋለውን ባለቀለም መስተዋት በሦስት ደረጃ ልንከፍለው እንችላለን። የመጀመሪያው በሐረር በተለምዶ የራምቦ ቤት በሚባለው ሕንጻ የሚታየው ነው። በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ያለ ሥዕል የገባ ባለቀለም መስተዋት ነው፤ ዋጋው የመስተዋቱና የአናጢው ዋጋ ነው። ሁለተኛው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች እንደሚታየው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተሣለበት ነው። እዚህ የነዳፊው፣ የሠዓሊውና የቈራጩ ዋጋ ይጨመራል። ሦስተኛው በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቅ ሥራ ነው።

የአፍሪካ አዳራሽ በአርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። በመግቢያው ላይ የሚታየውን 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የመስተዋት ሥዕል የነደፉት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ሥዕሉ በሦስት ክፍል ሆኖ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና ወደፊት የምትመኘውን ያሳያል። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወልደው፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ዳሩ ግን ዝንባሌአቸው ወደ ሥዕል ስለ ነበረ በሎንዶን በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የመስተዋት ሥዕልንና የሞዛይክን ሥራ አጠኑ፤ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም ተመለከቱ። ያረፉት ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው።

የዚህን ሥራ ስፋት ለመገመት በላይ ያቀረብነውን ሒሳብ እንጥራ። በካሬ ሜትር 100 ቁራጭ ቢታሰብ 150 ካሬ ሜትር 15,000 ቁራጭ ይሆናል፤ እርሳሱም ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ የአዳራሹ መስተዋት ትክክለኛ ቍጥር ሳይሆን ስፋቱን ለመረዳት የተደረገ ስሌት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይፈጽመውም። ንድፉ የኢትዮጵያዊ ሲሆን መስተዋቱን ቈርጦ የመገጣጠሙ ሥራ የተሠራው ከፈረንሳይ የመስተዋት ባለሙያዎች ጋር ነው።

አዳራሹ ከስድሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወጪ ታድሶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የሕንጻው እድሳት በጠቅላላው ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈጅቷል። መስተዋቱን ለመጠገን የተጠራው ባለሙያ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ አያቱም በመጀመሪያው ሥራ ላይ ከአፈወርቅ ጋር የሠራ ሰው ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙያው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ መተላለፉ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለእኛ ጥያቄ ያስነሣል። ሥዕሉ በአዲስ አበባ ስድሳ ዓመት ሲኖር ሙያው አብሮት አልኖረም። ከዮርክ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ በመስተዋቱ ላይ አይደለም፤ ሁለቱም አገሮች መስተዋቱን ከውጭ ገዝተዋል። ልዩነቱ ያለው በቈራጩና በጠጋኙ ላይ ነው።

ሠ. ስለ መንገድና ስለ ደን

አሁን ወደ ቢታ ገነት እንመለስ። ከባሕር ማዶ የተገዛ መስተዋት በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በባቡር ወይም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል፤ ቀጥሎም በጅማ በኩል ቦንጋ፣ ከቦንጋ ቢታ ገነት ይደርሳል። በየመንገዱ የሚጫን፣ የሚወርድ፣ የሚሰበርም አለ። የተሰበረው ዋጋ በተረፈው ላይ ይጫናል።

ይህ ነገር ለካፋ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በነበረበት ዘመን ከመነሻው እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው ይከብድ ነበር። ከቦንጋ ገበያ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ለታሪካችን ኀዘን የሆነው በባርነት የተያዘ ሰውም ይወጣ ነበር፤ ወደ ቦንጋ ደግሞ አሞሌ፣ ጨርቅና ዶቃ ይገባ ነበር። ሩቅ ያለ ገበያ የሚገባውን በውድ እየገዛ የሚወጣውን በርካሽ ይሸጣል። ተሠርቶ ያለቀ መስኮት ወደ ቢታ ገነት ቢወሰድ የመንገዱ ጫና እጅግ ይበዛል፤ ምክንያቱም የተገጣጠመ መስኮት በቀላሉ ይጣመማል፣ ይሰበራል፣ ሰፊ ሣጥንም ይፈልጋል። ያልተቈረጠ መስተዋትና የተጠቀለለ እርሳስ ግን ጠባብ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የመንገድ ሒሳብ ራሱ የሚመክረው ዕቃው ጥሬውን እንዲመጣና እጁ በስፍራው እንዲሆን ነው።

መስተዋቱን ራሱን በካፋ ማቅለጥስ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኵሴ ቴዎፍሎስ ስለ እጅ ሙያዎች በጻፈው መጽሐፍ ሁለት እጅ የእንጨት አመድና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሎ ማቅለጥን ያስተምራል። የአውሮፓ የመስተዋት እቶኖች በደን ውስጥ ይተከሉ የነበረው ማገዶውም አመዱም ከዚያ ስለሚገኝ ነው። ውጤቱ ግን የደን ጥፋት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1615 የእንግሊዝ ንጉሥ የመስተዋት እቶን በእንጨት እንዳይነድ በአዋጅ ከለከለ። የካፋ ደን የጫካ ቡና መኖሪያ፣ የማር ቀፎ መስቀያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ አግብቶታል። ይህን ደን አመድ አድርጎ መስተዋት ማቅለጥ ማሩንና ቡናውን ለአንድ እቶን መስጠት ይሆናል። እንግዲህ ቢታ ገነት መስተዋት መግዛቷ አያሳፍራትም። ዎሪክም ገዝታለች።

ረ. ስለ እጅ ክብር

ካፋ የእጅ ባለሙያ ያጣ አገር ሆኖ አያውቅም። በ1890 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው የካፋ መንግሥት ከማብቃቱ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቀሞዎች፣ ቆዳ የሚያለፉትና ሸክላ የሚሠሩት ማኖዎች፣ ከሰልና ማገዶ ለገበያ የሚያቀርቡት ማንጆዎች የአገሩን ኑሮ ተሸክመው ኖረዋል። ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ መጥረቢያ አይሠራም፤ ማረሻውም ያለ ከሰል አይቀጠቀጥም። በዕቃ፣ በማገዶና በእጅ ተባብሮ አንድ ነገር መሥራትና ዋጋውን መተመን በዚያ ምድር የቆየ ዕውቀት ነው።

ዳሩ ግን ሥራው ሲፈለግ ሠራተኛው ይናቅ ነበር። በጋብቻ ይለዩት፣ በማዕድም ያገሉት ነበር፤ የዚህም ልማድ ርዝራዥ በዘመናችን ጨርሶ አልጠፋም። ነገሩ የካፋ ብቻ አይደለም። በመላው አገራችን ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ይህ ልማድ አገርን እንደሚጐዳ ስለ ተረዱ ነው።

ይህ ነገር ከዋጋ ጋር ምን ግንኙነት አለው? ግንኙነቱ ቀጥተኛ ነው። የተናቀ እጅ ዋጋው ዝቅ ይላል። ዋጋው ዝቅ ያለበት ባለሙያ ልጁን ሌላ ሥራ እንዲይዝ ይመክረዋል። ሙያው በአንድ ትውልድ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ያው ሥራ ሲፈለግ ከውጭ አገር በብዙ እጥፍ ዋጋ ይገዛል። በዌስትሚንስተር መዝገብ ቈራጩ ከነዳፊው ያነሰ ቢያገኝም፣ በእጁ መሥራቱ ከማዕድ የሚያገል ነገር አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ነዳፊውን ሎሬት ስንል ቈራጩን የምንጠራበት ስም እንኳ አላበጀንለትም።

አንዳንድ ሰው የመስተዋት ሥዕል ለድኃ አገር ቅንጦት ነው ይል ይሆናል። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ቅድሚያ መስጠት እንደሚገባ እኛም እናምናለን። ይሁን እንጂ አብያተ ክርስቲያናት፣ አዳራሾችና ሆቴሎች በየጊዜው እየተሠሩ ነው፤ ለጌጣቸውም ገንዘብ ይወጣል። ክርክራችን ገንዘቡ ይውጣ አይውጣ በሚለው ላይ አይደለም። ከወጣ አይቀር ለማን እጅ ይከፈል በሚለው ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው በመስተዋት ሥዕል ዋጋ ውስጥ ዕቃው የተወሰነ ነው፤ መንገዱ እንደ ርቀቱ ነው፤ እጁ ግን ሥዕሉ በረቀቀ መጠን ይበዛል። መስተዋቱን ከውጭ የገዙ አገሮች እጁን በአገራቸው ስላቆዩ ዋናው ክፍያ በቤታቸው ቀርቷል፤ ጥገናውንም ራሳቸው ይሠራሉ። የእርሳስ ዘንግ መቶ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ መታደስ ስለሚያስፈልገው፣ ዛሬ በአገራችን ያሉት መስኮቶች ሁሉ በዚህ ምዕት ዓመት ውስጥ ጠጋኝ መፈለጋቸው አይቀርም።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። 1ኛ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለውጭ ባለሙያ ሲሰጥ ወይም ሲጠገን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተለማማጆች እንዲመደቡ በውሉ ይጻፍ። 2ኛ፣ የሥራው ዋጋ ሲቀርብ የዕቃው፣ የእጁና የመንገዱ ሒሳብ ተለይቶ ይቅረብ፤ የሠራተኛው ጤና መጠበቂያም በእጁ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። 3ኛ፣ የሙያ ትምህርት ቤቶች ሥራውን ከትንሹ ይጀምሩት። በካፋ ከእሳትና ከብረት ጋር ያደጉ ልጆች አሉ፤ መበየድና መለካት ለእነርሱ ሩቅ ነገር አይሆንም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነች ባለ 25 ቁራጭ መስኮት 6 ሜትር እርሳስና 72 ብየዳ ብቻ ትፈልጋለች። ይህችን የሚሠራ አንድ ወጣት በቢታ ገነት ቢገኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት የሚያሠራ ሰው መስተዋቱን ከሩቅ አስመጥቶ የእጁን ዋጋ ለአገሩ ልጅ ሊከፍል ይችላል።